ቀድሞ የተሰፋው ሱሪ

የማርሽ ባንዱን ዩኒፎርም ለራሴ የሰፋሁት የመግቢያ ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው ነው። ኮቱንም ሱሪውንም፣ በራሴ ልክ፣ በራሴ እጅ። የሰማ ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ተረተብኝ። ይተርት። የእኔ ላም ሰማይ ላይ አይደለችም፤ መስኮቱ አጠገብ በመስቀያ ተንጠልጥላለች፣ የፈለገ መጥቶ መዳሰስ ይችላል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው ከአጎቴ ጋር ነው። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ሲሆን ሙያው ቆራጭ ነው፤ መቀስ ከያዘ አርባ ዓመት አልፎታል፣ ከሰው ጋር ሲነጋገር እንኳ ጣቶቹ ሳያውቁት ይከፈታሉ ይዘጋሉ። መስፊያ ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ የካውያ ሰሌዳ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ደንበኛ ልብስ ሲለካ ራሱን የሚያይበት ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ መስታወት። ከመስኮታችን ማዶ፣ ጠባቧን መንገድ ተሻግሮ፣ የከተማው ማርሽ ባንድ የሚለማመድበት ግቢ አለ። የባንዱን ልብስ የምንሰፋው እኛ ነን። አርባ ሁለት ሰው ናቸው፤ የአርባ ሁለቱንም ልክ በቃሌ አውቃለሁ። ማን ሆዱን ስቦ እንደሚለካ፣ ማን በዓመት ሁለቴ ወገቡን እንደሚያስለቅቅ፣ የማን አንዱ እግር ከሌላው እንደሚያጥር ከእኔ የተሰወረ የለም። ፊት ፊት እየሄደ ዘንግ የሚያሽከረክረው መሪያቸው፣ እኛ ባለዘንጉ የምንለው፣ ቀኝ ትከሻው ከግራው በሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን፤ ሦስተኛው ምስክር ከገበሩ ሥር የደበቅኩት ስፖንጅ ነው።

ወደዚህ ባንድ መግባት ቀልድ አይደለም። አንድ ሰው ጡረታ ካልወጣ ቦታ አይገኝም፤ ሲገኝ ደግሞ ለአንዷ ቦታ ሃያና ሠላሳ ሰው ይመዘገባል። ማን እንዳለፈ ከከተማው ሁሉ ቀድመን የምናውቀው እኛ ነን፣ ምክንያቱም ስሙ ከመለጠፉ በፊት የልብሱ ትዕዛዝ ወደ እኛ ይመጣል። ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ አይቀበሉም። ዘንድሮ የተገኘችው ቦታ የታምቡር ነበረች፤ ያቺ እየተራመዱ፣ ጭን ላይ አስደግፈው፣ በሁለት መምቻ የሚመቷት ትንሿ ከበሮ። እኔ ሠላሳ ዓመቴን ልደፍን ሦስት ወር ቀርቶኝ ነበር። «ለከርሞ» የሚባለው ቃል ለእኔ አልተሠራም።

ዩኒፎርሙን ያሰፋኝ ግን ራሱ ባለዘንጉ ነው። አዲስ ኮት ሊለካ ሲመጣ እኔ የካውያ ሰሌዳውን በሁለት የመስቀያ እንጨት እየደበደብኩ ደረሰብኝ። አጎቴ እየሳቀ፣ ይቺ ደግሞ ልትፈተንላችሁ ተመዝግባለች አለው። ባለዘንጉ አልሳቀም፤ በመስታወቱ ውስጥ የራሱን ኮሌታ እያስተካከለ ነበር።

«ጎበዝ ልጅ ናት። ግን ሁሉም በየሙያው ነው የሚያምረው» አለ። «እናንተ ትሰፋላችሁ፣ እኛ እንለብሳለን።»

አፌ ውስጥ ስድስት ስፒል ይዤ ስለነበር አልመለስኩለትም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ኮቱ ላይ ሰካኋቸው፣ አንዷ ትንሽ ጠለቅ ብላ ገብታ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ከባንዱ ጨርቅ የተራረፉትን ቁርጥራጮች ሰበሰብኩና መቀስ አነሳሁ። የኮቱ ጀርባ ከሦስት ቁራጭ የተቀጠለ ነው፤ መጋጠሚያውን ከእኔ በቀር ማንም አያገኘውም። ሲያልቅ ካውያ መትቼ፣ ከግቢው በኩል በደንብ እንዲታይ አድርጌ መስኮቱ ጋ ሰቀልኩት። አጎቴ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የእኔ ነው አልኩት። አውርጂው አለ። አላወርድም አልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእንዳንቺ ዓይነቷ ነው ብሎኝ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። የብብቴ ያላት መኪናዬን ነው።

አሁን እንዴት እንደተማርኩ ልናገር፤ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእኔ መኪና ፊቱን ለመስታወቱ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነው የተተከለው። የአጎቴም ጠረጴዛ እንደዚያው። አጎቴ ደግሞ አንድ ሕግ አለው፤ አንገቱን የሚያዞር ሰፊ ጣቱን ይሰፋል። ስለዚህ በዚያ ቤት ማንም አንገቱን አያዞርም። ባንዱ በየቀኑ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ሲለማመድ ድምፁ ከኋላዬ ይመጣል፣ መልኩን ግን ፊት ለፊቴ መስታወቱ ውስጥ አገኘዋለሁ። ሲሰለፉ ፊታቸውን ከግቢው ማዶ ወዳለው መድረክ ስለሚያዞሩ የማየው ጀርባቸውን ነው። አርባ ሁለት ጀርባ፣ ሰማንያ አራት ተረከዝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን አጠናሁ። የቱ እግር ሲወርድ የቱ ምት እንደሚጠነክር፣ ታምቡሯ በየትኛው ጭን እንደምታርፍ፣ ሲዞሩ ስንት እርምጃ እንደሚቆጥሩ ያዝኩ። ጠርዟ ተጣሞ የጣሏትን አንዲት ታምቡር ለምኜ ወሰድኩ፣ በትርፍ ጨርቅ ማንገቻ ሰፋሁላት፣ ቤት ስገባ እናቴ ጆሮዋን በሁለት እጇ እስክትይዝ ድረስ እመታት ነበር። አደባባይ ሲወጡስ አላየሻቸውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይቻቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ዓይኔ የሰፋሁት ኮሌታ ላይ ነው፣ ቁልፍ እንዳይበጠስብኝ እየጸለይኩ። ማንም አላስተማረኝም። በዚህ እኮራ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር አሁንም እኮራለሁ።

ፈተናው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ጡረተኛው መጡ። ጡረተኛው ማለት ያቺን ቦታ የለቀቁት ታምቡር መቺ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መትተው በቃኝ ያሉ። ሱሪያቸውን ወገቡ ላይ እንድናሰፋላቸው ሰጥተውን፣ እስኪደርስላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዓይናቸው መስኮቱ ጋ የተሰቀለው ልብስ ላይ አረፈ። ተነስተው ሱሪውን ገለበጥ ገለበጥ አደረጉት። የታምቡር መቺ ሱሪ ታምቡሯ የምታርፍበት ቦታ ላይ ቶሎ ስለሚሳሳ ጭኑ ላይ ተደራቢ ጨርቅ ይሰፋበታል። እኔም በራሴ ሱሪ ላይ አሳምሬ ሰፍቼበታለሁ።

«ይሄ ሰውዬ» አሉ ጡረተኛው፣ «ታምቡሩን በቀኝ ጭኑ ነው እንዴ የሚይዘው?»

አጎቴ መቀሱን አስቀምጦ መጣ። በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ የሚጻፈው «ተደራቢ፣ ግራ ጭን» ነው፤ እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ግራ ላይ ስሰፋ ኖሬአለሁ። የሌላውን ስሰፋ የማየው ወረቀቱን ነው። የራሴን ስሰፋ ግን ጭኔን ጠየቅኩ፣ ጭኔም ቀኝ አለኝ።

አጎቴ የእሷ ነው ሲላቸው ጡረተኛው እስቲ ተራመጂ አሉኝ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ እስከ በሩ ድረስ ምቱን በአፌ እየቆጠርኩ ተራመድኩ። በቀኝ እግሬ ተነሳሁ፣ ጠንካራውንም ምት በቀኝ እግሬ አወረድኩ። እሳቸው መጀመሪያ እግሬን አዩ። ከዚያ መኪናዬን አዩ፣ መስታወቱን አዩ፣ በመስታወቱ ውስጥ የግቢውን በር አዩ። ሳቃቸው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የለበሱት ሱሪ ቁልፍ ተበጥሶ ካውያ ሰሌዳው ሥር ገባ።

«የኔ ልጅ፣ የተማርሽው ተገልብጦ ነው» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሰልፈኛ ሁሉ በግራ ይነሳል፣ አንቺ በቀኝ።»

አጎቴ ከእሳቸው የበለጠ ሳቀ። ሁለት ግራ እጅጌ ቆርጦ ያበላሸ ሰው ቢያይ እንኳ እንደዚያ አይስቅም። ከሰዓት በኋላ ወሬው መንገዱን አዳረሰ፤ በማግስቱ ስሜ «መስታወት» ሆኖ ነጋ። ለፈተናው የተመዘገቡ ሁለት ወጣቶች በመስኮታችን ሥር ሲያልፉ ሆን ብለው በቀኝ እግራቸው እየተነሱ ይረግጡ ነበር።

እኔ አልሳቅኩም። ማፈር ብቻ አልነበረም፤ ስድስት ዓመቴ ነው በአንድ ጊዜ የተናደብኝ። ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ፣ መስታወቱን በካውያ ላደቀውም አሰብኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩና ለመገልበጥ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጡረተኛውን ጠየቅኳቸው። ሳቃቸውን ትተው እውነቱን ነገሩኝ። እግር እንደ እጅጌ ተተርትሮ አይገጠምም አሉ። በጥድፊያ የተማርሽው ስትደነግጪ ይጠፋል፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ይልቅ ለከርሞ ተዘጋጂ አሉኝ።

«ለከርሞ የለኝም» አልኳቸው። «ያለኝ አሥራ ሁለት ቀን ነው። እርስዎ ካላስተማሩኝ ብቻዬን እማራለሁ፤ ብቻዬን ስማር ምን እንደምሆን ደግሞ አይተዋል።»

እንደገና ሳቁ፣ ግን ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ከቤቱ ጀርባ ጠብቂኝ አሉ። አጎቴ ቢያንስ ተደራቢውን አንስተሽ ወደ ግራ አዙሪው፣ ሰው አይሳቅብን አለኝ። እምቢ አልኩ። እግሬ ሳይታረም ሱሪው አይታረምም፤ የሚስቅ እየሳቀ ይለፍ።

ከቤታችን ጀርባ ቆሻሻ በርሜሎች የተደረደሩባት ጠባብ መተላለፊያ አለች። ጡረተኛው አንዱ በርሜል ላይ በምርኩዛቸው ምቱን ይመታሉ፣ እኔ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ታምቡር አላስነኩኝም፤ እንደ ሕፃን መራመድ ብቻ። ከአልጋ ስወርድ በግራ፣ ደፍ ስሻገር በግራ፣ ደረጃ ስወጣ በግራ እንድነሳ አዘዙኝ። በአራተኛው ቀን ታምቡሯን በግራ ጭኔ ላይ አነገቱልኝ፤ የሰው ልጅ ያቀፍኩ መሰለኝ፣ የት እንደማደርጋት ጠፋኝ። እኔ ራሴ ደግሞ የመኪናዬን ፔዳል ከቀኝ እግሬ ወደ ግራ እግሬ አዛወርኩት። የዚያን ሳምንት የሰፋሁት ኮሌታ ሁሉ እንደ እባብ ተጣመመ። አጎቴ እየተረተረ መለሰልኝ፣ እኔም እንደገና ሰፋሁ፣ እሱም እንደገና ተረተረ። አመል ያወጣል ከመሐል አለኝ፤ እኔም መሐል ሳልገባ ከየት ነው የሚያወጣኝ አልኩት።

ጡረተኛው አንድ ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። በሰባተኛው ቀን «ዛሬ አላሳቅሽኝም» አሉኝ፤ ምስጋናቸው ይቺው ናት። በመጨረሻው ቀን ግን በርሜሉ ላይ ተቀምጠው ልብ ብዬ እንድሰማቸው ነገሩኝ።

«እግርሽ አንድ ቦታ ላይ መሳሳቱ አይቀርም» አሉ። «ይሳሳት። እጅሽ ግን አይስማ። ሰው የሚቆመው ስለተሳሳተ አይደለም፣ ስላፈረ ነው።»

እናቴ በዚህ ሁሉ መሐል ደግፋኝም ተቃውማኝም አታውቅም። ማታ ማታ ልብስ እያጠፈች፣ በአልጋውና በበሩ መካከል ስመላለስ በዓይኗ ትከተለኛለች። በዋዜማው አንቺ ድሮም እንዲህ ነሽ አለችኝ። ሕፃን ሆኜ ጫማዬን አገላብጬ አድርጌ እወጣ ነበር አሉ፤ ልጆች ሲስቁብኝ እነሱ ናቸው የተሳሳቱት ብዬ እጣላ ነበር። ያን ጊዜ እናቴ በግራ ጫማዬ ላይ ቀይ ክር ሰፋችልኝ። አሁንም ጥቁር ጫማዬን ከአልጋው ሥር አውጥታ፣ መርፌና ቀይ ክር አንስታ፣ ግራው አፍ ላይ ሦስት ጊዜ ወጋ ወጋ አደረገችበት። ብትወድቂ ምንም አልልሽም፣ ሳትሞክሪ ብትቀሪ ግን ዕድሜ ልክሽን እኔን ነው የምትነዘንዢው ብላ ጫማውን ወረወረችልኝ።

የፈተናው ቀን የርክክብ ቀንም ነበር፤ አሥራ አራት ኮት መውጣት ነበረበት። ድርሻዬን ቀደም ብዬ ጨርሻለሁ። አጎቴ ጠረጴዛው ላይ እንዳጎነበሰ፣ ሂጂ አላልኩሽም አለኝ። አልጠየቅኩህም አልኩትና ወጣሁ። ደፉን በግራ ተሻገርኩ።

ሃያ ሦስት ሆነን ቀረብን። መጀመሪያ እያንዳንዳችን ቆመን መታን፤ በዚያ እኔን ጨምሮ አምስት ሰው ቀረ። በእጄ ማንም እንደማይበልጠኝ አውቅ ነበር፣ ስለዚህ አልገረመኝም። ቀጥሎ አምስታችንን በአንድ ረድፍ ፊታችንን ወደ መድረኩ አሰለፉን፣ በየጭናችን ታምቡር ተንጠለጠለ። ባለዘንጉ ረድፉን እየተመለከተ መጣና እኔ ጋ ሲደርስ ወደ ታች አይቶ ቆመ። ጫማዬ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ግራ እግሬ ነው» አልኩት።

ግድግዳው ሥር የቆሙት፣ የወደቁትም ሊያዩ የመጡትም፣ ሳቁ። ባለዘንጉ በባንዱ ውስጥ ምልክት ለብሶ የሚሄድ የለም፣ ወይ ክሩ ይውጣ ወይ አንቺ ከረድፉ ውጪ አለ። ይህን ጊዜ ምላሴን በላኝ። አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃኝ፣ ስፖንጅ የምትል። ቀኝ ትከሻውን አየሁት። ሳየው አየኝ፣ ፊቱም ትንሽ ተለወጠ። ግን የደንበኛውን ልክ በአደባባይ የሚናገር ሰፊ፣ ሰፊ አይደለም። ቃሏን ዋጥኳትና ከኪሴ መተርተሪያዬን አውጥቼ አጎነበስኩ። የእናቴን ሦስት ስፌት ተርትሬ ክሩን ኪሴ ከተትኩት።

በግራ ተነሳሁ። ያለ ክር፣ በግራ። ግቢውን እስከ ጫፍ ሄድንና ተመለስን፣ እግሬ ከረድፉ ጋር ነበር። ከዚያ ባለዘንጉ አቆመንና ፊት ለፊታችን ቆሞ ሁለት መምቻ ያዘ። አይተነው የማናውቀውን እንቅስቃሴ አሳየን፤ አንዱን መምቻ ወደ ትከሻ ማንሳት፣ ሌላውን ክንድ ሥር ማስገባት፣ አዙሮ መምታት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማሳያችሁ አለ። ስንጀምር አራቱም ግራ እጃቸውን አነሱ። እኔ ብቻ ቀኜን አነሳሁ። ግድግዳው ሥር ያሉት መስታወት ተሳሳተች ብለው ሊስቁ ሲሉ ባለዘንጉ ራሱ ያነሳው ቀኙን መሆኑን አዩ። ይቺ እንኳ ለእኔ የዕለት እንጀራዬ ናት፤ ፊት ለፊቴ የቆመ ደንበኛ ቀኝ እጅጌው በእኔ ግራ በኩል ነው፣ በዚህ ተሳስቼ አንድም ልብስ አበላሽቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን እየመታን እየተራመድን ሳለ ባለዘንጉ ወደ ኋላ ዙር አለን። ስዞር፣ ያቺ ጡረተኛው የነገሩኝ ድንጋጤ መጣችብኝ፣ እግሬም ወደ ድሮ ቤቱ ሄደ። በቀኝ ገባሁ። ወዲያው አወቅኩት። ግድግዳው ሥር አንዱ «መስታወት» ሲል ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እርምጃ በተሳሳተ እግር ሄድኩ። እጄ ግን አልሰማም። ታምቡሯ እንደጀመረች ቀጠለች፣ አንዲት ምት አልጎደለችም። በአምስተኛው ላይ ግማሽ እርምጃ ሰርቄ ወደ ግራዬ ተመለስኩ። ከአጠገቤ የነበሩት ሁለቱ በእኔ ምክንያት ግራ ተጋብተው ቆመው ነበር። ባለዘንጉ ዘንጉን ወደ ላይ አነሳ፤ ቁሚ ማለቱ ነው። አላየሁትም አልልም፣ አይቼዋለሁ። ነገር ግን በስድስት ዓመት ውስጥ ይህ ባንድ የጀመረውን ስምንት ምት ሳይሞላ ሲቆም አላየሁም፤ እኔም ስምንቱን ሞልቼ ቆምኩ።

ባለዘንጉ ወደ እኔ መጣ። ዘንጉ አሁንም ከፍ እንዳለ ነበር።

«ማን ነው ያስተማረሽ?» አለኝ።

«ጀርባችሁ» አልኩት። «ስድስት ዓመት ሙሉ። ፊታችሁን ያዞራችሁልኝ ዛሬ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ባለዘንጉ የያዘው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈና መሄድ ትችላላችሁ አለን። ምን እንደጻፈ ከፊቱ ላነብ ሞከርኩ፤ ያ ሰውዬ እንኳን ፊቱ ትከሻውም አይናገርም።

ወደ መስፊያ ቤቱ ስገባ አጎቴ ቀና ብሎ አላየኝም። ወንበሬን አራግፎ፣ የመኪናዬን ፔዳል ወደ ቀኝ መልሶ፣ ሻይ እንኳ አስቀምጦልኛል። በሕይወቴ ሻይ አቅርቦልኝ አያውቅም። ተቀመጪ አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። መውደቅ የሰው ነው፣ መኪናሽ ቦታው ላይ ነው፣ የሚስቅብሽ ካለ እኔ አለሁ አለኝ። እኔ ገና ውጤት የለም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ልጄ፣ ራሴን አላታልልም። በቀኝ ተነሳሽ፣ እስከ መጨረሻውም በቀኝ ሄድሽ» አለኝ። «አንዴ ብቻ፣ ወደ ኋላ ስትዞሩ፣ አራት እርምጃ ልክ ገባሽልኝ። ተመስገን ልል ስል መልሰሽ አበላሸሽው።»

ሻዩን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ በምን ነው ያየኸኝ?»

ጣቶቹ ያለ መቀስ ተከፈቱ፣ ተዘጉ። ከዚያ ቀስ ብሎ ፊት ለፊቱ ያለውን መስታወት አየ፣ በውስጡም የግቢውን በር። ጠረጴዛው ላይ ጨርቁ በጠመኔ ተሰምሮ እንደተዘረጋ ነው፤ ጠዋት ስወጣ እንደነበረው፣ አንዲት ጋት እንኳ አልተቆረጠችም። ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ያውም በርክክብ ቀን፣ አንገቱን ሳያዞር እኔን ሲያይ ነበር። ሳቄ መጣ፣ ከሳቁም ጋር እንባዬ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አልለየሁትም። አጎቴ ነገሩ ሲገባው ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶኝ መቀሱን መፈለግ ጀመረ፣ መቀሱ ግን እጁ ሥር ነበር።

በሦስተኛው ቀን የትዕዛዝ ወረቀቱ መጣ። አጎቴ ነው የተቀበለው። መነጽሩን አድርጎ ለራሱ አነበበው፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለእኔ አነበበልኝ። ታምቡር መቺ፣ አንድ ሙሉ ልብስ። ተደራቢ፣ ግራ ጭን። «ግራ» የምትለዋ ቃል ሥር ባለዘንጉ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። የደረት፣ የወገብ፣ የእጅጌ ልክ በሚሞላበት ቦታ ላይ ምንም ቁጥር የለም፤ «ልኩን ሰፊዋ ታውቃለች» ይላል።

አጎቴ ወረቀቱን ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሱሪውን ከመስኮቱ አውርዶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው፣ መተርተሪያውንም አቀበለኝ። ተደራቢውን ከቀኝ ጭን ተርትሬ ግራው ላይ ሰፋሁት፣ ፔዳሉን በግራ እግሬ እየረገጥኩ። በቀኙ በኩል የመርፌው ቀዳዳዎች ቀሩ። ካውያ ቢመቷቸውም አልጠፉም፣ እኔም ደግሜ አልሞከርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ለመጀመሪያው ልምምድ ልብሴን ልወስድ ስገባ አጎቴ ያንን ረጅም ጠረጴዛ ብቻውን ጎትቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮት ደረስኩ። ላብ አጥምቆታል። ለብርሃኑ ነው አለኝ።